ገንዘብ የተያዘበት የፋንታሲ ድራፍት፦ በአንድ ክፍል ተቀምጦ ወይስ በየስልኩ?

ተወዳዳሪዎች በእውነተኛ ተጫዋቾች ውጤት ነጥብ የሚሰበስቡበት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ በአብዛኛው የሚታወቀው በበጀት በሚጫወቱት መልኩ ነው። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ተሰጥቶት 15 ተጫዋቾችን ይገዛል፤ ኮከብ አጥቂውን ሃላንድን ሺህ ሰው ቢይዘው የሚከለክል ሕግ የለም። በ2017/18 እ.ኤ.አ. የውድድር ዘመን የተጀመረው የድራፍት አጨዋወት ግን ከዚህ የተለየ ነው። በድራፍት በጀት የለም፣ ካፒቴን የለም፣ አንድን ተጫዋችም በአንድ ሊግ ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ ሊይዘው አይችልም። ሃላንድ በመጀመሪያው ዙር ከተወሰደ ለሌሎቹ ዓመቱን ሙሉ ባላጋራ ነው። ስለዚህ ተጫዋቾቹ በተራ የሚመረጡበት ያ አንድ ቀን ከሌላው ቀን ሁሉ ይከብዳል፤ በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሰው አምስት ሺህ ወይም አሥር ሺህ ብር አዋጥቶ ከሆነ፣ ምርጫው በምን ሁኔታ ይካሄድ የሚለው ነገር ለመጨረሻ ደቂቃ የሚተው አይደለም።

ይህ መመሪያ ጎንደር ላይ ስምንት ሆነው ሊግ ለሚያቋቁሙ ሰዎች የተጻፈ ነው፤ ቁጥሩ ስድስትም አሥርም ቢሆን አሠራሩ ያው ነው። ሁሉም አባላት ከተማው ውስጥ ካሉ ምርጫው በአካል ይሁን። አንድ ሰው እንኳ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ካለ ደግሞ ሁሉም በየስልኩ ይምረጥ። ሰባቱ ፒያሳ ካፌ ውስጥ ተቀምጠው ስምንተኛው በስልክ የሚገባበት ቅልቅል አሠራር ከሁለቱም የከፋ ነው፤ ምክንያቱን ከታች እመለስበታለሁ።

ገንዘቡና ደንቡ

በአካልም ሆነ በርቀት፣ ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ገንዘቡ በሙሉ ገቢ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ተራ የደረሰው ሰው በደስታ ይከፍላል፤ ስምንተኛው የደረሰው ግን ደመወዝ እስኪወጣ ጠብቁኝ ማለት ይጀምራል። ከእቁብ የምናውቀው ሥርዓት እዚህም ይሠራል፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይሰየማሉ፣ ገንዘብ ያዡ ግን ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ባይሆን ይሻላል። ገንዘቡ በቴሌብር ወይም በባንክ ገብቶ የእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ ሁሉም በሚያየው ቡድን ውስጥ ይለጠፍ። እጅ በእጅ የተሰጠ ብር ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ በግንቦት፣ ማን እንደሰጠና ማን እንደተቀበለ ማስታወስ ያስቸግራል።

አከፋፈሉንም አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። ስምንት ሰው አምስት አምስት ሺህ ቢያዋጣ 40,000 ብር ይሆናል። ሁሉንም ለአንደኛው መስጠት ስህተት ነው፤ እስከ ገና ድረስ ሰባተኛ ሆኖ የቆየ ሰው ቡድኑን ማስተካከል ይተዋል፣ ሳይጫወት የቀረ ተጫዋቹን ሳይቀይር ይተኛል፣ በእሱ ላይ በቀላሉ የሚያሸንፈውም ሰው ያልተገባ ጥቅም ያገኛል። ለምሳሌ 20,000 ለአንደኛ፣ 10,000 ለሁለተኛ፣ 4,000 ለሦስተኛ ሰጥቶ ቀሪውን 6,000 ከ20ኛው እስከ 38ኛው ጌምዊክ (የውድድር ሳምንት) ብዙ ነጥብ ለሰበሰበው ማድረግ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ያነቃል። ከመዋጮው ለአዘጋጅ የሚቆረጥ ነገር ግን አይኑር፤ በወዳጆች መካከል ያለ መዋጮ አንድ ነገር ነው፣ ሰው እየሰበሰቡ ኮሚሽን መብላት ደግሞ ፈቃድ ወደሚጠይቀው የውርርድ ንግድ መጠጋት ነው።

ደንቡ በአንድ ገጽ ይጻፍ። የአንድ ምርጫ ጊዜ ስንት ሰከንድ እንደሆነ፣ ጊዜው ያለቀበት ሰው ምን እንደሚደርስበት፣ መብራት ወይም ኢንተርኔት ሲጠፋ ምርጫው እንዴት እንደሚቀጥል፣ የተጫዋች ልውውጥ እስከ ስንተኛው ጌምዊክ እንደሚፈቀድ በግልጽ ይስፈር። የመጨረሻው ነጥብ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ተስፋ የቆረጠ ሰው ኮከቡን ለጓደኛው በማይረባ ተጫዋች ለውጦ ሲሰጥ፣ ደንብ ከሌለ የሚቀረው ጭቅጭቅ ብቻ ነው።

ቀኑ

የውድድሩ መክፈቻ በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ 5፣ በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ 10፣ በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ 9 ቀን ነበር፤ ሦስቱም ዓርብ ናቸው። ይህ ማለት የጎንደር ድራፍት አብዛኛውን ጊዜ በጾመ ፍልሰታ ውስጥ፣ በክረምቱ ልብ ላይ ይውላል ማለት ነው። የአገር ውስጡ ሊግ በክረምት ስለሚያርፍ አፄዎቹ ጨዋታ አይኖራቸውም፤ ከፋሲል ከነማ ጨዋታ ጋር መጋጨት ስለማያሰጋ አንድ ችግር ቀንሷል። ከመክፈቻው በፊት ያለው ቅዳሜ ወይም እሑድ ጥሩ ነው። ከዚያ ቀደም ቢል ጉዳትና ዝውውር ምርጫውን ያበላሸዋል፣ ከዚያ ቢዘገይ ደግሞ ሰው ሥራ ላይ ይሆናል። ሰዓቱ ቅዳሴ ወጥቶ፣ የሚጾመው ሰው እህል ከቀመሰ በኋላ፣ 9 ሰዓት ገደማ ይሁን፤ ከጠዋት ጀምሮ ያልበላ ሰው ተራው ሲደርስ ረጋ ብሎ አያስብም። ቤቱም በያይነቱ የሚያቀርብ መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ አይከፋም።

በአካል ሲሆን

በከፍተኛ ገንዘብ የሚካሄድ ፋንታሲ ሲጀመር በአካል ነበር። በአሜሪካ እግር ኳስ የፋንታሲው የዓለም ሻምፒዮና በ2002 እ.ኤ.አ. ላስ ቬጋስ ላይ ሲካሄድ ተወዳዳሪዎች ከየግዛቱ መጥተው በአንድ አዳራሽ ጠረጴዛ ከበው መረጡ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የተጀመረው ናሽናል ፋንታሲ ፉትቦል ቻምፒዮንሺፕም ኢንተርኔቱ ሁሉን ነገር ካቀለለ በኋላ እንኳ የአዳራሹን ምርጫ አልተወም። ምክንያቱ ናፍቆት ብቻ አይደለም። ገንዘቡ ሲበዛ ሰው መልስ የሚፈልግላቸው ጥያቄዎች አሉ፦ የመረጠው በእርግጥ እሱ ነው? ከጎኑ ማን ይመክረዋል? ሁለት ሰዎች በስውር ተስማምተው ይሆን? እነዚህ ጥያቄዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ራሳቸው ይመለሳሉ።

ቦታው ዲኤስቲቪ ቤት አይሁን። ሰው ይገባል ይወጣል፣ ሁሉም አስተያየት ይሰጣል፣ ከኋላ የቆመ የማያውቁት ሰው ዝርዝርዎን አንብቦ ጮክ ብሎ ይናገራል። ፒያሳ አካባቢ ፎቅ ላይ ያለ ጸጥተኛ ክፍል፣ ወይም ማራኪ ካለ የአንድ አባል ቤት ሳሎን ይበቃል፤ ጄኔሬተር ቢኖር ደግሞ እሰየው። ከአዘዞ የሚመጣ አባል ካለ መመለሻው ታስቦ ሳይጨልም ማለቅ አለበት፤ በዝናብ ማታ ባጃጅ እንደ ልብ አይገኝም።

ስለ ዝናቡ አንድ ነገር ልጨምር። የነሐሴ ከሰዓት በኋላ ዝናብ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ በክፍሉ ውስጥ የሚጠራ ስም አይሰማም። ስለዚህ ምርጫ በቃል ብቻ አይነገር። ተራው የደረሰው ሰው የተጫዋቹን ስም፣ ክለቡንና ቦታውን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ለጸሐፊው ይስጥ፤ ጸሐፊው አንብቦ ሰሌዳው ላይ ይለጥፈው፤ ከተለጠፈ በኋላ መመለስ የለም። ክለብና ቦታ ማስጻፍ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ የሚመስለው ካለ አርሰናልን ያስብ። ገብርኤል ማጋሌሽ ተከላካይ ነው፣ ገብርኤል ማርቲኔሊና ገብርኤል ጄሱስ ደግሞ ከፊት የሚጫወቱ ናቸው። አምስት ሺህ ብር የከፈለ ሰው ‘ገብርኤል’ ብሎ ጮኾ ሌላኛው ገብርኤል ቢለጠፍለት፣ ዳኛው የሚያመጣው ፍርድ ሁሉንም አያስማማም።

ሰሌዳው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ወረቀት ነው፤ ስምንት ዓምድ ለስምንት ሰው፣ አሥራ አምስት ረድፍ ለአሥራ አምስት ዙር። ለግብ ጠባቂ፣ ለተከላካይ፣ ለአማካይና ለአጥቂ አራት የተለያየ ቀለም ያለው ወረቀት ይቆረጥ። ቀለሙ ለማማር አይደለም። ከሩቅ በአንድ ዓይን አፍታ የትኛው ቦታ እየተመናመነ እንደሆነ ያሳያል፣ የዕለቱ ዋና ጥቅምም ይኸው ነው።

ጊዜውን ሳይቆጥሩ መጀመር አይገባም። ስምንት ሰው በአሥራ አምስት ዙር 120 ምርጫ ነው። በመጀመሪያዎቹ አምስት ዙሮች ለአንድ ምርጫ ሁለት ደቂቃ፣ በቀሩት አሥር ዙሮች አንድ ደቂቃ ቢሰጥ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይፈጃል። ከአምስተኛው ዙር በኋላ አጭር ዕረፍት ሰጥቶ ቡና መጠጣት ይቻላል፤ በዕረፍቱ ግን ስለ ድራፍቱ ማውራት ይከልከል።

የተራ ዕጣውም በዚያው ክፍል፣ ሁሉም እያየ ይውጣ። በተለመደው አሠራር ተራው በመጀመሪያው ዙር ከ1 ወደ 8 ሄዶ በሁለተኛው ከ8 ወደ 1 ይመለሳል። አንደኛ የወጣው ሰው 1ኛውን፣ 16ኛውንና 17ኛውን ምርጫ ያገኛል፤ ስምንተኛው 8ኛውን፣ 9ኛውንና 24ኛውን። በ2022/23 ሃላንድ 36 ግብ ሲያገባ፣ በ2024/25 ደግሞ ሳላህ 29 ግብና 18 አሲስት ይዞ በፋንታሲው 344 ነጥብ ሲሰበስብ እንደታየው፣ በአንዳንድ ዓመት የአንደኛው ምርጫ ጥቅም ከልክ ያልፋል። ለዚህ መድኃኒት የሚሆኑ ሁለት ዘዴዎች ከላይ በጠቀስኩት የአሜሪካ ናሽናል ፋንታሲ ፉትቦል ቻምፒዮንሺፕ የተለመዱ ናቸው። አንደኛው ሦስተኛውን ዙር እንደ ሁለተኛው ሁሉ ከ8 ወደ 1 ማስኬድ ነው፤ ያን ጊዜ ስምንተኛው ሰው 8ኛውን፣ 9ኛውንና 17ኛውን ያገኛል፣ አንደኛው ደግሞ እስከ 24 ይጠብቃል። ሁለተኛው ዕጣው ተራን በቀጥታ እንዳይሰጥ፣ ይልቁንም ተራን የመምረጥ ቅድሚያ እንዲሰጥ ማድረግ ነው፤ በመሃል መሆን የሚመርጥ ሰው ዕጣው ቀድሞ ቢወጣለትም አራተኛነትን ይወስዳል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፣ ለማስረዳትም አጭር ነው።

አሁን ወደ አንድ አስቸጋሪ ነጥብ እንምጣ። የፋንታሲው ድራፍት ገጽ ተራን በራሱ በዘፈቀደ ያወጣል፣ ወረቀት ላይ የተደረገውንም ምርጫ አያውቅም። ታዲያ የተሰቀለው ሰሌዳ እንዴት ወደ ሲስተሙ ይገባል? ወረቀቱ ካለቀ በኋላ እዚያው ተቀምጦ የሲስተሙን ድራፍት መክፈት ነው። እያንዳንዱ ሰው በስልኩ፣ ተራው በደረሰ ቁጥር፣ ወረቀት ላይ የያዛቸውን ተጫዋቾች ብቻ ይመርጣል። አንድ ተጫዋች ሰሌዳው ላይ የአንድ ሰው ብቻ ስለሆነ የሲስተሙ ተራ ከወረቀቱ ቢለያይም ግጭት አይፈጠርም፤ የሚያስብ ስለሌለ በፍጥነት ያልቃል። መጠንቀቅ የሚገባው ሁለት ነገር ነው። ሲስተሙ የሚቀበለው 2 ግብ ጠባቂ፣ 5 ተከላካይ፣ 5 አማካይና 3 አጥቂ ብቻ ስለሆነ ጸሐፊው ይህን ልክ ወረቀቱ ላይ መቆጣጠር አለበት፤ የተጫዋቹም ቦታ የሚቆጠረው ሲስተሙ በመደበው መሠረት እንጂ ሜዳ ላይ በሚቆምበት አይደለም። ሌላው፣ ሁሉም አስቀድሞ አሥራ አምስቱን ተጫዋቾች በሲስተሙ የክትትል ዝርዝር ውስጥ ያስገባ፤ ድንገት መስመር ቢቋረጥ አውቶማቲኩ የሚመርጥለት ከዚያ ዝርዝር ነው። ያኔም ስህተት ከተፈጠረ ሰሌዳው ይጸናል፣ ማስተካከያው በልውውጥ ይሆናል።

የሰው ፊትና ይሉኝታ

በአካል የሚመርጥ ሰው ከተጫዋቾች በተጨማሪ ሰዎችን ያነባል። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ የሆነው ወዳጅዎ የክለቡን አጥቂ ከሚገባው ሁለት ዙር ቀድሞ እንደሚወስድ አስቀድመው ያውቃሉ፤ ያን አጥቂ ለመሻማት መቸኮል አያስፈልግም፣ ይልቁንም እሱ በዚያ ዙር የሚተወው ጥሩ አማካይ ማን እንደሚሆን ያስቡ። ዝርዝሩን ደጋግሞ እያገላበጠ የሚያልበው ሰው የሚፈልገው እንደተወሰደበት ግልጽ ነው፣ በሚቀጥለው ተራ በድንጋጤ ይመርጣል። እርስዎ ደግሞ ዝርዝርዎን ገልብጠው ያስቀምጡ። ‘እገሌ ተይዟል ወይ?’ ብለው አይጠይቁ፤ ሰሌዳውን ተነሥተው ይዩ፣ ሲያዩም ከሚፈልጉት ቦታ ሌላ ቦታ ላይ ዓይንዎን ያሳርፉ።

ነገር ግን በአካል መምረጥ እኛ ዘንድ የራሱ ሕመም አለው፤ እሱም ይሉኝታ ነው። ከአባላቱ በዕድሜ የሚበልጠው ጋሼ ገና ሲገባ እየሳቀ ‘ሳካን እንዳትነኩብኝ’ ካለ፣ ሦስተኛ ተራ የደረሰው ወጣት ሳካን ቢፈልገውም እጁ ይያዛል። ቀልድ ነው ቢባልም የአምስት ሺህ ብር ቀልድ ነው። ይህን ለመከላከል ተጫዋችን አስቀድሞ በስም ‘የኔ ነው’ ማለትን ደንቡ ይከልክል፤ ዳኛውም ከዕጣው በፊት ይህን አንቀጽ ጮክ ብሎ ያንብበው። ታላቅን ማክበር በጎ ነው፣ ለታላቅ ወንበር መልቀቅም እንዲሁ፤ የድራፍት ተራ ግን የሚለቀቅ ነገር አይደለም። ብጣሽ ወረቀቱ እዚህም ይረዳል፣ ምክንያቱም የዓይን አፋሩን ሰው ምርጫ ጮክ ብሎ የሚያነበው ጸሐፊው እንጂ እሱ ራሱ አይደለም።

የሚመናመነው ቦታ

በየትኛውም መንገድ ቢመረጥ፣ አጥቂ ቀድሞ ያልቃል። ስምንት ሰው ሦስት ሦስት አጥቂ ሲይዝ 24 ይሆናል፤ ፕሪሚየር ሊጉ ግን 20 ክለብ ነው ያለው፣ ብዙዎቹም በአንድ አጥቂ ይጫወታሉ። ስለዚህ በየሳምንቱ የሚሰለፍ ሦስተኛ አጥቂ የማያገኝ ሰው መኖሩ አይቀርም። አማካዮች ግን 40 ቢያዙም ከኋላቸው ገና የሚሰለፉ ብዙ አሉ። ግብ ጠባቂ 16 ይያዛል፣ ቋሚዎቹ ደግሞ 20 ናቸው፤ እዚህ መቸኮል ብዙም አያስፈልግም፣ የመጨረሻዎቹን ዙሮች መጠበቅ ግን ያለ ቋሚ ሊያስቀር ይችላል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ጠቃሚ ልማድ አለ። በተራው ጫፍ ላይ ከሆኑ፣ ማለትም አንደኛ ወይም ሁለተኛ፣ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ፣ በእርስዎ በሁለቱ ምርጫዎች መካከል የሚመርጡት ሰዎች ምን እንደጎደላቸው ይቁጠሩ። ሰባተኛ ቢሆኑና ከእርስዎ በኋላ ያለው ስምንተኛው ሰው ሁለት ግብ ጠባቂዎቹን ካሟላ፣ ተራው ዞሮ እስኪመለስልዎ ግብ ጠባቂዎን የሚነካው የለም፤ ስለዚህ ሌላውን አሁን ይውሰዱ። ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ሲሆን ይህ ስሌት የአምስት ሰከንድ ሥራ ነው። ትንሽ የስልክ ስክሪን ላይ ደግሞ የሌላውን ቡድን ከፍቶ ማየትና መመለስ ግድ ስለሚል ሰዓቱ ይበላል፤ በርቀት የሚመርጥ ሰው በራሱ ደብተር ላይ ያንኑ ሰሌዳ በትንሹ ሠርቶ በየምርጫው መሙላት ያለበት ለዚህ ነው።

በርቀት ሲሆን

በርቀት መምረጥ ይሉኝታን ያጠፋል፣ ጉዞን ያስቀራል፣ በጸጥታ ለሚያስብ ሰውም ይመቸዋል። ችግሩ ሰዓቱ የሚቆጠረው በእኛ ዳኛ እጅ ሳይሆን በሩቅ ሰርቨር ላይ መሆኑ ነው። መብራት ሄደ፣ ዋይፋዩ ጠፋ፣ የሞባይል ዳታው ቀዘቀዘ ብሎ የሚጠብቅ የለም፤ ጊዜው ሲያልቅ አውቶማቲኩ ይመርጣል። ስለዚህ የርቀት ድራፍት ዝግጅት ማለት በዋናነት የክትትል ዝርዝርን ማዘጋጀት ማለት ነው። አሥራ አምስት ስም አይበቃም፤ ሌሎቹ የሚወስዱት ስላለ ቢያንስ ስልሳ ስም፣ በእርግጥ በሚፈልጉበት ቅደም ተከተል ይሁን። በየጥቂት ዙሩም የሞላ ቦታን ተጫዋቾች ወደ ታች ያውርዱ። ስልኩ ሙሉ ቻርጅ ይኑረው፣ ፓወር ባንክ ይያዝ፣ የኢትዮ ቴሌኮም ሲም የያዘ ሰው ከቻለ የሳፋሪኮም ሲምም ዳታ ሞልቶ በአጠገቡ ያስቀምጥ።

ከዚህ የከፋም ሊመጣ ይችላል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የፕሪሚየር ሊጉ መክፈቻ ሊደርስ ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር። ስለዚህ በርቀት ለመምረጥ የተስማማ ሊግ ሁሉ ደንቡ ውስጥ አንድ አንቀጽ ያስገባ፦ በድራፍቱ ሰዓት ከሦስት ሰው በላይ መግባት ካልቻለ ምርጫው ይሰረዛል፣ በማግሥቱ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ወይም በስልክ ጥሪ እየተመዘገበ በወረቀት ይካሄዳል፣ መስመር ሲገኝም እያንዳንዱ ሰው የያዛቸውን ወደ ሲስተሙ ያስገባል። አንድ ሰው ብቻ ቢቋረጥበት ግን ምርጫው አይቆምም፤ ሁሉም ያውቀው።

ሌላው መንገድ በቴሌግራም ቀስ ብሎ መምረጥ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ብዙ ሰዓት ይሰጣል፣ ሁሉም በሚመቸው ጊዜ ስም ጽፎ ቀጣዩን ይጠራል። የተለያየ ሰዓት ላይ ላሉ ወዳጆች፣ አንዱ ማራኪ ሌላው ሲያትል ለሚኖሩ፣ ከዚህ የተሻለ የለም። ስሌቱ ግን ይታይ፦ አንድ ምርጫ በአማካይ ሁለት ሰዓት ቢወስድ 120 ምርጫ አሥር ሙሉ ቀን ይፈጃል። ሐምሌ ሳያልቅ መጀመር ግድ ይሆናል፣ ያኔ ደግሞ ዝውውሩ ገና አልበረደም። ሌሊት ሰዓቱ እንዳይቆጥር ማድረግም ያስፈልጋል። ለተራ ዕጣው የቴሌግራም ዳይስ ይበቃል፤ ቁጥሩን የሚያወጣው ሰርቨሩ ስለሆነ ላኪው አይቆጣጠረውም፣ እኩል የወጣላቸው ደግመው ይጥላሉ፣ ከሌላ ቦታ ፎርዋርድ የተደረገ ግን አይቆጠርም። ቴሌግራም ላይ ሰው የጻፈውን መልእክት አርሞ ወይም አጥፍቶ መውጣት ይችላል። የታረመው ምልክት ይኖረዋል፣ የጠፋው ግን ከቡድኑ ገጽ ላይ አይታይም፤ አስተዳዳሪው የቅርብ ድርጊቶችን መዝገብ ከፍቶ ሊያየው የሚችለውም ለ48 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው እያንዳንዱን ምርጫ ወዲያው በተለየ ቻናል ላይ ራሱ ይጻፈው፤ የሚጸናውም እዚያ ያለው ነው።

ቅልቅሉ

ሰባት ሰው በአንድ ክፍል፣ አንዱ በስልክ ሲሆን ያ አንዱ ብቻውን ይቀራል። ሰሌዳውን አያይም፣ የክፍሉን ሳቅና ጉርምርምታ አይሰማም፣ የተለጠፈው ስም የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፣ ሰዓቱ ግን እኩል ይቆጠርበታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከተሸነፈ በኋላ የሚጠረጥረው ነገር አያጣም፤ ሰባቱ ምንም ሳያደርጉ እንኳ ‘እዚያ ምን ተባብላችሁ ነበር?’ የሚለው ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ ይከተላቸዋል። የግድ ከሆነ፣ የቀረው ሰው ከተወዳዳሪዎቹ ውጭ የሆነ ወኪል ክፍሉ ውስጥ ያስቀምጥ፤ ወኪሉ በጆሮው ስልክ ይዞ ብጣሹን ይጻፍለት፣ ሁለተኛ ስልክም ሰሌዳውን በቪዲዮ ያሳየው። ወኪሉ ለሁሉም የታወቀና የተፈቀደ ይሁን፣ ለመክፈል ግን ወኪል የለም።

ከምርጫው ማግሥት

የሰሌዳው ፎቶ ከመቀደዱ በፊት ተነሥቶ ለሁሉም ይላክ። ከዚያ በኋላ ሥራው የዌይቨር፣ ማለትም ያልተያዘ ተጫዋችን በራስ ተጫዋች የመለወጥ ጥያቄ ነው። ያልተያዘ ተጫዋች የሚጠየቀው ከጌምዊኩ መዝጊያ 24 ሰዓት በፊት ነው፣ ቅድሚያውም ከታች ላለው ሰው ይሰጣል፤ ከዚያ እስከ መዝጊያው ድረስ የቀረው ለቀደመ ነው። በነሐሴ ይህን መናቅ አይገባም፣ የዝውውር መስኮቱ የሚዘጋው ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ነውና። ኮል ፓልመር በ2023 ከማንቸስተር ሲቲ ወደ ቼልሲ የሄደው በመስከረም 1 እ.ኤ.አ.፣ ድራፍቶች ካለቁ በኋላ ነበር፤ በዚያ ዓመት 22 ግብ አገባ።

መዝጊያው የመጀመሪያው ጨዋታ ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ አይሆንም። ሳምንቱ በቅዳሜ ቀትሩ ጨዋታ ሲከፈት መዝጊያው በመጀመሪያዎቹ ወራት ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፣ የዌይቨሩም ዓርብ በዚያው ሰዓት። እንግሊዞች በጥቅምት አጋማሽ አልፎ ሰዓታቸውን ሲመልሱ ሁሉም ወደ 8 ሰዓት ይሸጋገራል፣ በመጋቢት አጋማሽ አልፎ ደግሞ ተመልሶ 7 ይሆናል። የመጋቢቱ ለውጥ አንድ ሰዓት የሚያሳጥር ስለሆነ ጸሐፊው በዚያ ሳምንት ሐሙስ ማታ ለሁሉም ማስታወሻ ይላክ።